ለሙዚየማችን ኃላፊዎች፦ ጎራዴውን አየነው፣ አሁን ቤቱን አሳዩን

ይህ ግልጽ ደብዳቤ ነው። የጻፍኩት ጎጃም ውስጥ ባለች አንዲት ከተማ የድሮውን የአውራጃ ግዛት ጽሕፈት ቤት ሙዚየም አድርጋችሁ ለምታስተዳድሩ ኃላፊዎች ነው። የከተማዋን ስም አልጠራም፣ የእናንተንም። ደጃችሁን የረገጠ ሰው ያውቃችኋል። ያልረገጠውም በራሱ ከተማ እንዲህ ያለ ቤት አያጣም።

ጤና ይስጥልኝ ብዬ በምስጋና ልጀምር። ቤቱን አላፈረሳችሁትም። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። ዋናው መንገድ ዳር ያን የሚያህል ግቢ ይዞ የተቀመጠ አሮጌ ሕንጻ ስንት ዓይን እንደሚያርፍበት አውቃለሁ። ቦታውን አጽድቶ ጂ ፕላስ ፎር ማቆም የሚያምረው ሞልቷል። እናንተ ግን የድንጋይ ግድግዳውን ቀለም ሳትቀቡ፣ በረንዳውን ሳትዘጉ፣ የጣውላ ወለሉን በሴራሚክ ሳትለውጡ አቆያችሁት። ሲረግጡት ይጮኻል፣ ይጩህ። እግዚአብሔር ይስጥልን።

አሁን ወደ ወቀሳው ልምጣ።

ሙዚየሙን ዞሬ አየሁት። ጋሻ አለ፣ ጦር አለ፣ ጎራዴ አለ። ውጅግራና ምንሽር ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። የማርትሬዛ ብር በመስታወት ውስጥ፣ አገልግልና ሌማት በመደዳ፣ የብራና መጽሐፍ፣ የደብተራ ቀለም ቀንድ፣ የአንበሳ ጎፈር። ሁሉም ግሩም ነው፣ አንዳንዱም በጣም ጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ ነው። ግን ይኸው ዕቃ ጎንደርም አለ፣ አዲስ አበባም አለ፣ በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ እስኪዘረፍ ድረስ ደሴም ነበረ። የናንተ ብቻ የሆነው፣ ሌላ የትም ሄጄ የማላየው ቤቱ ራሱ ነው። ስለ ቤቱ ደግሞ አንድ ቃል አልጻፋችሁም። በሩ ላይ ያለው የእምነበረድ ሰሌዳ የሚናገረው ሙዚየሙ ማን በተገኙበት እንደተመረቀ ነው። በቃ። ከዚያ በፊት ቤቱ ባዶ ሜዳ የነበረ ይመስላል።

አስጎብኚዋ እህታችን ጨዋና ትሁት ልጅ ናት። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ በደንብ ታውቃቸዋለች። «ይሄ ቤት በፊት ምን ነበር?» ብዬ ስጠይቃት «የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነበር» አለችኝ። «የትኛው ክፍል ምን ይሠራበት ነበር?» ስላት ፈገግ ብላ ወረቀቷን አየች። ወረቀቱ ላይ የለም። ጥፋቱ የሷ አይደለም፣ የሰጣችኋት ወረቀት ነው።

አሁን ከመግቢያው በስተግራ ወዳለው ክፍል ልውሰዳችሁ። ጎፈሩንና የወርቅ ክር ያለውን ካባ ያስቀመጣችሁበት ነው። ከመስታወት ሣጥኑ ጀርባ ወደ በረንዳው የሚከፈት ትንሽ መስኮት አለ። የብረት ፍርግርግ አለው። ከፍርግርጉ ሥር እጅ ብቻ የምታሾልክ ክፍተት አለች። ደፉ ወፍራም የወይራ እንጨት ነው፣ መሐሉ ጎድጉዷል። በመጥረቢያ የተጠረበ አይደለም፣ በሰው ክርን የተበላ ነው። በውስጥ በኩል ያለው ጎን ላይ ደግሞ የቀለም ጠብታ ጠጥቶ የቀረ ሐምራዊ ነጠብጣብ አለ፣ ማህተም የሚረገጥበት ቦታ ይመስለኛል። ሣጥናችሁ ግማሹን ሸፍኖታል። እኔ ያየሁት ከጎን አንገቴን አስግጌ ነው።

ከኔ ጋር አብረው ይጎበኙ የነበሩ አንድ አዛውንት ነበሩ፣ ከልጅ ልጃቸው ጋር የመጡ። ጎራዴውንም ካባውንም ቆም ሳይሉ አለፉት። መስኮቱ ጋ ሲደርሱ ግን በከዘራቸው ጠቆም አደረጉና «ይኸ ነው እንግዲህ» አሉ። «ምኑ አባባ?» አላቸው ልጁ። «ግብር የምንገብርበት። እኛ በዚያ ማዶ ቁመን፣ ጸሐፊው በዚህ ተቀምጦ። ‹ሒሳብ ሹሙ አልገቡም፣ ነገ ና› ይለናል። ነገም አልገቡም። ስንቃችን ያልቅና ዘመድ ቤት እናድራለን። አንተ ልጅ፣ እኔ እኮ ይኸን ቤት በውስጥ በኩል ሳየው የዛሬ ገና ነው።»

ይችን የመጨረሻዋን ቃል ደግማችሁ አንብቡልኝ። ሰውየው ዕድሜ ልካቸውን የሚያውቁት ቤት ነው። የሚያውቁት ግን ከውጭ ነው። ሙዚየማችሁ መናገር ያለበት ትልቁ ታሪክ ይሄ ነው፣ እናንተ በጎፈር ጋርዳችሁታል።

ያች መስኮት ምን ማለት እንደሆነች እኔ እንደሚገባኝ ላስረዳ። በፊት ባላገሩ ግብሩን የሚከፍለው በዓይነት ነበር። እህል ይሰፍራል፣ ማር ይገብራል፣ ለሹሙ እርሻ ያርሳል፣ አጥር ያጥራል። ተቀባዩ በስም የሚታወቅ ሰው ነው፣ ምስለኔው፣ ጭቃ ሹሙ፣ ጉልተኛው። ከጣልያን መውጣት በኋላ መንግሥት አስተዳደሩን አዲስ አደረገው። ጠቅላይ ግዛት፣ ከሥሩ አውራጃ፣ ከሥሩ ወረዳ፣ ከዚያም ምክትል ወረዳ ተባለ። ሹሙ ደመወዝተኛ ሆነ፣ ግብሩ በጥሬ ገንዘብ ወደ መንግሥት ግምጃ ቤት እንዲገባ ተደረገ፣ ለከፋዩም ደረሰኝ ይቆረጥለት ጀመር። በወሬ ደረጃ ትንሽ ለውጥ ይመስላል። ለባላገሩ ግን የምድርና የሰማይ ያህል ነው። መጀመሪያ እህሉን ገበያ አውጥቶ መሸጥ አለበት። ከዚያ ብሩን ይዞ ከተማ መግባት አለበት። ከዚያ የማያውቀው ሰው ፊት፣ በፍርግርግ በኩል፣ የማያነበው ወረቀት መቀበል አለበት። ጎጃም ከዘመናዊ መንግሥት ጋር ፊት ለፊት የተያየው እንግዲህ በዚች መስኮት ነው። ሌላ መጋረጃና መብራት አያስፈልገውም። ሣጥኑን ወደ ጎን ግፉት፣ አንድ ገጽ ጽሑፍ ለጥፉ።

ስለ በረንዳውም እንዲሁ። በረንዳው ላይ አሁን የመግቢያ ቲኬት የሚቆርጥ ሠራተኛና የጎብኚ መዝገብ አለ። ድሮ ባለጉዳይ የሚሰለፍበት ነበር። ፊት ለፊት ካለው ዛፍ ሥር ማመልከቻ ጻፊው ተቀምጦ፣ አንዱ እያለቀሰ ሌላው እየፎከረ የሚነግረውን «ለክቡር የአውራጃው ገዢ» ብሎ ጀምሮ፣ ከሥር «ታማኝ አገልጋይዎ» ብሎ ይጨርስለት ነበር። ቴምብር ይለጠፍበታል። ከዚያ ቀጠሮ። እኛ ጎጃሞች ሙግት እንወዳለን ይሉናል፣ ሐሰትም አይደለም። «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች» የሚል ሰው አገር ነው። ግን ሙግቱ ለጨዋታ አልነበረም፣ መሬት ነው። ርስት በአባትም በእናትም በኩል ይቆጠራል። አንድ ገበሬ የቀደመውን ባለርስት ጠርቶ፣ ከሱ እስከ ራሱ ያለውን ትውልድ ሳይሳሳት ቆጥሮ፣ ምስክር አቁሞ ድርሻውን ይጠይቃል። ስለዚህ በዚያ ቤት የተከማቸው ፋይል የክስ ወረቀት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአካባቢው ሕዝብ የትውልድ ሐረግ፣ የዳገቱና የወንዙ ስም፣ የትኛው ማሳ ከየትኛው ጋር በምን እንደሚዋሰን፣ ሁሉም እዚያ ውስጥ አለ። የብዙዎቻችን ቅድመ አያት ስም በሕይወቱ አንዴ ወረቀት ላይ የሰፈረው እዚያ ፋይል ውስጥ ሊሆን ይችላል።

ፋይሉ የት አለ? ቤታችሁ ውስጥ አለ። በስተጀርባ «መግባት ክልክል ነው» የተለጠፈበት ክፍል ውስጥ ነው። በተሰነጠቀው መስኮት አይቼዋለሁ፣ ይቅር በሉኝ። በሲባጎ የታሰረ ወረቀት እስከ ጣሪያው ተቆልሏል። ከፊሉ ወለል ላይ ነው። ቆርቆሮው አንድ ቦታ ላይ ስለሚያፈስ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጣችኋል፣ ባልዲው ደግሞ ሞልቶ ፈሷል። ዙሪያው ላይ የነበሩት ፋይሎች አብጠው እርስ በርሳቸው ተጣብቀዋል። አጠገባቸው የተሰባበረ ወንበርና ያለፈ ዓመት ባነር አለ። ባነሩ ላይ የተጻፈው ምን እንደሆነ አልናገርም፣ ግን ቅርስ የሚል ቃል ነበረበት።

ወዳጆቼ፣ ጎራዴ ለሃምሳ ዓመት ባይጠረግ ይዝጋል እንጂ አይጠፋም። የረጠበ ወረቀት ግን በአንድ ክረምት ያልቃል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ የመጠበቅ ግዴታ እንዳለባችሁ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ። ከክረምት በፊት ቆርቆሮውን ብቻ አሠሩት። ፕሮፖዛልም ለጋሽም አያስፈልገውም፣ መሰላልና ጥቂት ምስማር ነው። ቀጥሎ ፋይሎቹን ከወለል አንሱና ጣውላ ላይ ደርድሯቸው። የተጣበቁትን ለማላቀቅ አትታገሉ፣ ጥላ ውስጥ አየር እንዲነካቸው ብቻ አድርጉ፣ ፀሐይ ላይ አታስጧቸው። የተቀደደውን በስኮች አትለጥፉት፣ ስኮች ቆይቶ ወረቀቱን ያበላሸዋል። ላሚኔትም አታድርጉት። ቁጥር ስትሰጡ በእርሳስ ጻፉ። ከዚያ በስልክ እንኳ ቢሆን ፎቶ ማንሳት ይጀመር። ዩኒቨርሲቲ አለን፣ ደብረ ማርቆስ አለ፣ እንጅባራ አለ፣ ባሕር ዳር አለ። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ አጥቶ የሚዞር የታሪክ ተማሪ ስንት ነው? ክፍሉን ክፈቱለት፣ አብሮት የሚቀመጥ አንድ ሠራተኛ መድቡለት፣ ፋይል በፋይል እየመዘገበ ያስረክባችኋል።

አሁን ወደ ከበደው ጉዳይ ልግባ። የሙዚየማችሁ ታሪክ ከዓድዋ ይነሣል፣ አርበኞች ጋ ይደርሳል፣ ከዚያ ድንገት ዘሎ ዘመናዊ እርሻና የልማት ፎቶ ላይ ያርፋል። መሐሉ የለም። በ1960 ዓ.ም. ጎጃም ላይ የሆነውን ዘላችሁታል። ያውም በዚያ ቤት ውስጥ ተቀምጣችሁ።

ልጆች ሊያነቡት ስለሚችሉ ባጭሩ ልናገረው። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ መንግሥት የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር የሚባል አዋጅ አወጣ። ግብሩ የሚታሰበው ገበሬው በሚያመርተው ላይ ነው። የሚያመርተውን ለማወቅ ደግሞ ገማች መላክ አለበት። እዚህ ላይ ነገሩ ተበላሸ። ገበሬው ገማቹን ሲያይ የታየው ብሩ ብቻ አልነበረም፣ ከገማቹ ኋላ ቀላድ ያዡ ታየው። መሬት በቀላድ ሲለካ በደቡብ አገር ምን እንደሆነ ሰምቷል። ባለመሬቱ ጭሰኛ ሆኖ ቀርቷል። ርስቴ ሊሄድ ነው አለ። በዚያ ላይ ደግሞ በአስተዳደሩ የተማረረ ሕዝብ ነበር። ሞጣ ተነሣ፣ ቢቸና ተነሣ፣ ዳሞት ተነሣ። ገማች አላስገባም አለ። መንግሥት ጦር ላከ፣ አውሮፕላንም ላከ። በመጨረሻ ገዢው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፣ ገማቾቹ እንዲወጡ ተደረገ፣ የቆየው ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ። አዋጁ ጎጃም ላይ ሳይሠራ ቀረ።

በዚያ ዘመን በግብር ጉዳይ ተነሥቶ መንግሥትን ወደኋላ ያስመለሰ ገበሬ ስንት አለ? ይሄ የሚደበቅ ታሪክ ነው እንዴ? ኩራት ነው የምል አለሁ፣ ብጥብጥ ነበር የሚልም ይኖራል። ሁለቱንም ጻፉት። የሞተም ሰው አለ፣ የተቃጠለም ቤት አለ፣ በሁለቱም ወገን የተጎዳ አለ። ስለዚህ ነው መጠንቀቅ የሚያስፈልገው። ዝም ማለት ግን መጠንቀቅ አይደለም። ያኔ የሃያ ዓመት ጎረምሳ የነበረው ዛሬ ሰማንያን እየተጠጋ ነው። እያንዳንዱ ቀብር አንድ ምስክር ይዞ ይሄዳል። አንድ ድምፅ መቅጃ ስልክ ያለው ወጣት ቀጥሩና በየገጠሩ ይላክ። «ገማቹ ሲመጣ የት ነበሩ? ምን አዩ? ማን ምን አለ?» ይበል። ስንት ቀረርቶ፣ ስንት ፉከራ፣ ስንት ቅኔ እንደሚወጣ ታያላችሁ። ጎጃም እኮ ነው፣ ግብር ላይም ቅኔ ይቆጠራል።

ስለ ነገሥታቱና ስለ መሳፍንቱ ያለው ግድግዳም ላይ ትንሽ አለኝ። ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን በአራት መስመር ጨርሳችኋቸዋል፣ አራቱም መስመር ውዳሴ ነው። ራስ አዳል ተሰማ ተብለው ጀምረው በጥር 1873 በዐፄ ዮሐንስ አራተኛ የጎጃምና የከፋ ንጉሥ ተብለው ነገሡ። ይሄን ጽፋችኋል። በተከታዩ ዓመት፣ በ1874፣ እምባቦ ላይ በምኒልክ ተሸንፈው መማረካቸው ግን የለም። በ1880 ሳር ውኃ ላይ በሱዳን መሐዲስቶች መሸነፋቸውም የለም። ከዚያ ሁሉ በኋላ በ1888 ዓድዋ ላይ ከዚያው ካሸነፋቸው ከምኒልክ ጎን መቆማቸው ብቻ ነው ያለው። እንግዲህ አስቡት፣ የዓድዋው መቆም ትልቅ የሚሆነው እምባቦ ሲነገር ነው እንጂ ሲደበቅ አይደለም። ተሸንፎ፣ ተማርኮ፣ ግዛት ተቆርሶበት፣ አገር በተነካ ጊዜ ጦሩን ይዞ የሄደ ሰው ታሪክ ነው። እናንተ ግማሹን ስትቆርጡት ሌላው ግማሽም ሰለለ።

ልጃቸው ራስ ኃይሉ ዘንድ ደግሞ ባሰ። «የጎጃም ገዢ» የሚል ጽሑፍና ፎቶ፣ ከዚያ ዝምታ። በ1916 ከተፈሪ መኮንን ጋር አውሮፓ መዞራቸውን፣ በግብራቸው ብዛት ባላገሩ መማረሩን፣ በ1924 ከልጅ ኢያሱ ማምለጥ ጋር በተያያዘ ሥልጣናቸውንና ሀብታቸውን አጥተው መታሰራቸውን፣ በጣልያን ጊዜ ከጣልያን ጋር መቆማቸውን የከተማው ሽማግሌ ሁሉ ያወራዋል። የአደባባይ ምስጢር ነው። ጃንሆይ ጥር 12 ቀን 1933 ኦሜድላ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ሰቅለው በጎጃም በኩል እየገፉ መጋቢት መጨረሻ ላይ ደብረ ማርቆስ ሲገቡ ያገኟቸው እኒሁኑ ራስ ኃይሉን ነው። እንዲህ ያለ ውስብስብ ሰው ያለው ሙዚየም ሁሉ የሚመኘው ታሪክ ነው። በላይ ዘለቀም እንዲሁ። ከፎቶው ሥር «ጀግና አርበኛ» ብላችኋል፣ እሰየው። በጥር 1937 አዲስ አበባ ላይ በስቅላት መሞቱን፣ የሰቀለው ጣልያን እንዳልሆነ፣ የገዛ አገሩ መንግሥት እንደሆነ ግን አልጻፋችሁም። አንድ የአምስተኛ ክፍል ልጅ አጠገቤ ቆሞ አስተማሪውን «ጣልያን ነው የገደለው?» ብሎ ሲጠይቅ ሰምቻለሁ። አስተማሪው ግድግዳውን አየ። ግድግዳው አልመለሰለትም።

በነገራችን ላይ የንጉሡን ታሪክ በሙሉ ክብሩ ለመናገር ደብረ ማርቆስ ላይ ቤተ መንግሥታቸው ቆሟል። እዚያ ይነገር። የናንተ ቤት የጸሐፊ፣ የሒሳብ ሹም፣ የዘበኛ፣ የባለጉዳይ ቤት ነው። ከቤተ መንግሥት ጋር ዘውድ አትፎካከሩ፣ አታሸንፉም። በማህተምና በደረሰኝ፣ በማመልከቻና በቀጠሮ ግን የሚያክላችሁ የለም።

ቤቱን ራሱን ዕቃ አድርጎ ማሳየት አዲስ ነገር አይደለም። ስድስት ኪሎ ገነተ ልዑል ሂዱ። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ያለበት ቤት የጃንሆይ ቤተ መንግሥት የነበረ ነው። መኝታ ክፍላቸውን እንደ መኝታ ክፍል ነው የሚያሳዩት፣ ጋሻ አልሰቀሉበትም። በየካቲት 12 ቀን 1929 ግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው እዚያው ግቢ ነው። ጣልያን በፋሺስት ዘመን ዓመታት ቁጥር ልክ የሠራው ደረጃም ፊት ለፊት ቆሟል፣ ከላዩ ላይ አንበሳ ተቀምጦበታል። ለጎብኚው ከዕቃው ሁሉ በላይ የሚነገረው ያ ደረጃ ነው። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የአዲስ አበባ ሙዚየም የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል መኖሪያ ነበር፣ ቤቱ ራሱ አንድ ጉብኝት ይወጣዋል። ጅማ ሂዱ፣ ጅሬን ላይ የአባ ጅፋርን ቤት የሚያየው ሰው መጀመሪያ የሚያየው ጣውላውንና ሰገነቱን ነው። የናንተ ቤት ሰገነት የለውም። የጎደጎደ የመስኮት ደፍ አለው። ይበቃል።

አንድ ሌላ ክፍል አለ። ብዙ አልልበትም። ከጓሮ በኩል፣ አሁን መጥረጊያና ባልዲ የምታስቀምጡበት ጠባብ ክፍል፣ መቀርቀሪያው በውጭ በኩል ብቻ ነው። ውስጥ ግድግዳው ላይ በጥፍር ይሁን በምስማር የተጫረ ጽሑፍ አለ፣ ኖራ ተቀብቶበት እንኳ ይነበባል። ስም ነው፣ ወር ነው፣ መስቀል ነው። ሽማግሌው እዚያ ሲደርሱ የልጁን እጅ ይዘው አለፉ፣ አልነገሩትም። በየትኛው ዘመን ማን እንደታሰረበት የምታውቁት እናንተ ናችሁ፣ ወይም ልታውቁ የምትችሉት እናንተ ናችሁ። ኖራ ደግማችሁ አትቀቡት። እሱን ብቻ እለምናችኋለሁ።

ትንንሾቹን ልጨርስ። ቅዳሜ ዝጉ ያላችሁ ማነው? ቅዳሜ ገበያ ነው። የገጠሩ ሰው ከተማ የሚገባው ያን ቀን ብቻ ነው። ቤቱ ደግሞ የሱ ታሪክ ነው። ማክሰኞ ዝጉና ቅዳሜ ክፈቱ። ቁልፉም ከአንድ ሰው ኪስ ይውጣ። ቁልፍ ያዡ ስብሰባ ሲሄድ ሙዚየሙም አብሮት ስብሰባ ይሄዳል። ፎቶ ክልክል ነው የምትሉትን አነጋግሩበት። ብልጭታ መከልከል ለብራናውና ለቀለሙ ይገባኛል፣ በረንዳውን ማንሳት ግን ማንን ይጎዳል? ልጆቹ አንስተው ቢለጥፉት ማስታወቂያ በነጻ አገኛችሁ ማለት ነው። ጽሑፉ ከፍ ያለ ቦታ ስለተሰቀለ ሕፃን አያነበውም። መነጽር ያለው ሽማግሌም አያነበውም። ዝቅ አድርጉት፣ ፊደሉን አወፍሩት። መንገዱ እንደልብ እንዳልሆነ፣ ከሩቅ የሚመጣ እንግዳም እንደሳሳ አውቃለሁ። ጊዜው ከባድ ነው። ቢሆንም እኮ ዋነኛ እንግዳችሁ ቱሪስት አልነበረም፣ በዚያ በረንዳ ላይ ቆሞ ያረጀው ሰውና የልጅ ልጁ ናቸው። እነሱ ደግሞ እዚሁ ናቸው።

አሁን ለእናንተ ሳይሆን ለአንባቢ አንድ ነገር ልበል። ጎጃም ውስጥ የቆየ ቤት ያላችሁ ሰዎች፣ ጓዳውን አንዴ ፈትሹት። የአያቶቻችሁ የግብር ደረሰኝ አይጠፋም። በሙዳይ ውስጥ፣ በቆርቆሮ ሣጥን ታች፣ በዳዊት መጽሐፍ ገጾች መሐል፣ አንዳንዴም በጨርቅ ተጠቅልሎ ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ይገኛል። ገበሬው ደረሰኙን እንደ ክታብ ነበር የሚይዘው። የገበረ ባለርስት ነው፣ ክርክር ቢነሣ ማስረጃው ያች ወረቀት ናት። በየካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ነው ተብሎ ሲታወጅ የደረሰኙ ጉልበት አለቀ። ሰዉ ግን አልጣለውም። የኛ ቤት አያቴ እስኪሞቱ ድረስ አላስነኩንም። ብዙ አይደለም፣ አንድ ጭብጥ ወረቀት ነው። ዳሩ በአይጥ ተበልቷል። የገበሩበት ዓመት፣ የአገሩ ስም፣ የከፈሉት ብርና ሳንቲም፣ የተቀባዩ ፊርማና ያ ሐምራዊ ማህተም ግን ይነበባል። አንዳንዱ ላይ የአያቴ አውራ ጣት አለ።

እሱን ላመጣላችሁ ፈቃደኛ ነኝ። ሌሎችም እንዲያመጡ እቀሰቅሳለሁ፣ ሰፈራችን ውስጥ ብቻ ጓዳው ደረሰኝ የማያጣ ቤት ብዙ ነው። ከመስኮቱ ሥር አንድ ጠፍጣፋ መስታወት ብትዘረጉ ይበቃል፣ እዚያ ይደረደራል። ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለኝ። ሳስረክባችሁ «እሺ አስቀምጠው» ብላችሁ መሳቢያ ውስጥ እንዳትከቱብኝ። የንብረት ክፍል ሠራተኛው ይጠራ፣ ወረቀቶቹ አንድ በአንድ ይቆጠሩ፣ ያሉበት ሁኔታ ይጻፍ፣ ፎቶ ይነሣ፣ የንብረት መቀበያ ደረሰኙ፣ ሞዴል 19፣ ይቆረጥልኝ። በሚቀጥለው ወር የመጀመሪያው ሰኞ ጠዋት መጥቼ በረንዳው ላይ እቆማለሁ። ኃላፊው አልገቡም፣ ነገ ና እንዳትሉኝ።

ከሰላምታ ጋር
የግብር ከፋይ የልጅ ልጅ

ግልባጭ፦
ለየትምህርት ቤቱ የታሪክ አስተማሪዎች
ቤታቸው የድሮ ደረሰኝ ላለ ሁሉ